ሻወር ቤት ሶኬት ለማስገባት ካሰባችሁ መጀመሪያ ብሬከር ሳጥኑን ክፈቱት

ሻወር ቤት ውስጥ ሶኬት ስለሌለ ከመኝታ ቤት ኤክስቴንሽን እየጎተተ ፀጉሩን የሚያደርቅ ወይ ፂሙን የሚላጭ ሰው ብዙ ነው፣ ኤክስቴንሽኑ እርጥብ ወለል ላይ ይጋደማል፣ በሩ ሲዘጋ ገመዱን ይጨፈልቀዋል፣ አንዱ ደግሞ በባዶ እግሩ ረግጦት ያልፋል። ከዚህ ሁሉ አንድ በስርዓት የተሰራ ሶኬት ማስገባት በጣም ይሻላል። ግን በስርዓት ስል ክዳን ያለው ሶኬት ገዝቶ ሴራሚኩ ላይ መለጠፍ ማለቴ አይደለም። ክዳኑ የመጨረሻው ነገር ነው። ሰው የሚያድነው ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ያለው እቃና ከግድግዳው ጀርባ ያለው ሽቦ ነው፣ እነሱ ካልተስተካከሉ የፈለጋችሁትን ውድ ሶኬት ብትገዙ ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል፣ በብዙ አገር ሻወር ቤት ውስጥ አዲስ መስመር መዘርጋት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን የሚሰራው ወይ አይቶ የሚፈርምበት ስራ ነው፣ ያላችሁበትን አገር ህግ እወቁ። ራሳችሁ ባትሰሩትም ግን ስራውን ማወቁ ይጠቅማል፣ ሰራተኛው ሲሰራ እያያችሁ "ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ" ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሲጠየቅ የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ብሬከር አለ ብላችሁ አትተማመኑ

ደረቅ ቆዳ ኮረንቲን በደንብ ይቋቋማል፣ ተቃውሞው አስር ሺዎች ኦም ሊደርስ ይችላል። ሲርስ ግን ወደ 1,000 ኦም አካባቢ ይወርዳል። 220 ቮልትን ለ1,000 አካፍሉት፣ 220 ሚሊ አምፒር ይመጣል፣ ይሄ ሰው ለመግደል ይበቃል ይተርፋል። በዛ ላይ ባዶ እግር ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ የብረት ቧንቧ አጠገብ አለ፣ ሁሉም ኮረንቲው በሰውዬው አልፎ ወደ መሬት እንዲወርድ መንገድ ይከፍታሉ። ቻርልስ ዳልዚየል የሚባል የበርክሌይ ፕሮፌሰር በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ለክቶ ነበር፣ ወንዶች በአማካይ 16 ሚሊ አምፒር ላይ፣ ሴቶች ደግሞ 10.5 ገደማ ላይ የጨበጡትን መልቀቅ ያቅታቸዋል፣ ጡንቻው ተኮማትሮ እምቢ ይላል።

አሁን ቤታችሁ ያለውን ተራ ብሬከር እዩት፣ 16 አምፒር ይላል አይደል? 16 አምፒር ማለት 16,000 ሚሊ አምፒር ነው። ሰው በ220 ሚሊ አምፒር እየሞተ እሱ ምንም አይሰማውም፣ የተሰራው ሽቦው ግሎ ቤቱን እንዳያቃጥል ነውና። ለሰው የተሰራው ሌላ እቃ ነው፣ አርሲዲ ይባላል፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጂኤፍሲአይ ይሉታል፣ የአሜሪካውን ጂኤፍሲአይ በፈረንጆቹ 1961 የፈጠረው ይሄው ዳልዚየል ነው። አሰራሩ ቀላል ነው፣ በፌዝ (ኮረንቲ ይዞ በሚመጣው ሽቦ) የሄደውና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) የተመለሰው እኩል መሆኑን ሁሌ ያነፃፅራል፣ የተመለሰው ካነሰ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው፣ ምናልባትም በሰው በኩል፣ ስለዚህ ወዲያው ይቆርጣል። 30 ሚሊ አምፒር የተፃፈበት አርሲዲ ፍሳሹ ልክ 30 ሲደርስ ቢበዛ በ0.3 ሰከንድ ይቆርጣል፣ ፍሳሹ አምስት እጥፍ ከሆነ ደግሞ በ0.04 ሰከንድ ውስጥ። የአሜሪካው ከ4 እስከ 6 ሚሊ አምፒር ላይ ነው የሚቆርጠው፣ ብዙ ጊዜም ሶኬቱ ራሱ ላይ ተሰርቶ ቴስት እና ሪሴት የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይኖሩታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ ሳጥኑን ከፍቶ ማየት ነው። ቴስት የሚል ወይ የ"ቲ" ምልክት ያለበት ቁልፍ ያለው እቃ አለ? ላዩ ላይ 30 ሚሊ አምፒር ወይ 0.03 አምፒር ይላል? 300 የሚል ካገኛችሁ እሱ ለእሳት መከላከያ ነው፣ ሰው አያድንም፣ ብዙ ሰው ቁልፉን አይቶ ብቻ "አለኝ" ይላል። ካለ ቁልፉን ተጫኑት፣ መቁረጥ አለበት፣ ካልቆረጠ ሞቷል ይቀየር። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ታይፕ ኤ የሚለውን ግዙ፣ ታይፕ ኤሲ የሚባለው የድሮው አይነት ነው፣ ዛሬ ኤሌክትሮኒክስ ያለበት እቃ ሲበላሽ የሚያፈሰውን የተቆራረጠ ኮረንቲ ላያየው ይችላል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፣ አርሲዲም ሁሉን አያድንም፣ በአንድ እጅ ፌዙን በሌላው ኒውትራሉን ከያዛችሁና ወደ መሬት የሚፈስ ነገር ከሌለ እናንተን እንደ አምፖል ነው የሚቆጥራችሁ።

ግራውንድ ከሌለ እዚህ ጋ ቁሙ

ሁለተኛው ነገር ግራውንድ ነው፣ የሚያፈስ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው ሽቦ፣ አሜሪካ ከሆነ አረንጓዴ ወይ ራቁቱን የሆነ መዳብ። አንዳንድ ቤት ሶኬቱ ጋ ሽቦው አለ፣ ሳጥኑ ጋ ስትሄዱ ግን ተቆርጦ ታጥፎ ታገኙታላችሁ ወይ ጭራሽ የለም። አርሲዲ ያለ ግራውንድም ይሰራል፣ ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ ግራውንድ ካለ የእቃው ብረት ላይ ፌዝ በነካ ቅፅበት አርሲዲው ይቆርጣል፣ ማንም ሳይነካው። ከሌለ ግን አንድ ሰው መጥቶ እስኪነካው ይጠብቃል። መጀመሪያ የሚነካው ማን እንደሆነ ደግሞ አታውቁም።

ግራውንድ ሲጠፋ ሰው የሚያደርጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ፣ ሁለቱም አይደረጉም። አንዱ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ቀዳዳ ጋር በትንሽ ሽቦ ማገናኘት ነው። በቴስተር ሲያዩት ልክ ይመስላል፣ ግን ኒውትራሉ ከኋላ የሆነ ቦታ ከላላ ወይ ከተቆረጠ ሶኬቱ ላይ የተሰካው እቃ ብረቱ በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ሁለተኛው የውሃ ቧንቧ ላይ ማሰር ነው፣ ቧንቧው መሀል ላይ ፕላስቲክ ካለበት መሬት አይደርስም፣ እቃው ሲበላሽ ኮረንቲው ቧንቧው ላይ ይቀመጥና ቧንቧ የከፈተውን ሁሉ ይይዛል። ግራውንድ ከሌላችሁ ሶኬቱን ተዉትና መጀመሪያ እሱን አሰሩ፣ ይሄ የኤሌክትሪሺያን ስራ ነው።

የት ይሁን

አብዛኛው ሰው "ከሻወሩ ራቅ ይበል" ብሎ በአይኑ ይገምታል። የአለም አቀፉ ደንብ ግን ክፍሉን በዞን ከፋፍሎታል፣ ዞን 0 ገንዳው ወይ የሻወሩ ሰሃን ውስጡ ነው፣ ዞን 1 ከእሱ በላይ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ፣ ዞን 2 ደግሞ ከዞን 1 ጠርዝ በጎን 60 ሴንቲ። ተራ ሶኬት በነዚህ በሶስቱም ውስጥ አይገባም። ከዛ በኋላ አገር ከአገር ይለያያል፣ ብዙ የአውሮፓ አገር ከ60 ሴንቲ ውጪ 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ ካለው ይፈቅዳል፣ እንግሊዞች ግን ጠበቅ ያሉ ናቸው፣ በፊት ከዞን 1 ጠርዝ 3 ሜትር ይሉ ነበር በ2022 ወደ 2.5 ሜትር አወረዱት፣ ስለዚህ ትንሽ ሻወር ቤት ውስጥ ተራ ሶኬት ጭራሽ አይገባም፣ ትራንስፎርመር ያለው የፂም መላጫ ሶኬት ብቻ ነው የሚያስገቡት። አሜሪካኖች ደግሞ በተቃራኒው ከእጅ መታጠቢያው ጠርዝ በ3 ጫማ ማለትም 90 ሴንቲ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሶኬት የግድ ይኑር ይላሉ፣ ሰው ኤክስቴንሽን እንዳይጎትት ብለው ነው፣ ጂኤፍሲአይ ግን ከ1975 ኮዳቸው ጀምሮ ግዴታ ነው።

ደንቡ እንዳለ ሆኖ እኔ የማየው የሶኬቱን ርቀት ሳይሆን የገመዱን ነው። ፀጉር ማድረቂያ ገመዱ 1.8 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሶኬቱ ከገንዳው 70 ሴንቲ ቢርቅ ማድረቂያው ገንዳ ውስጥ ይገባል እኮ። ስለዚህ ሜትር ያዙና ሶኬቱ ይሆናል ካላችሁበት ቦታ ተነስታችሁ እስከ ገንዳው ዘርጉት፣ ምርጫ ካላችሁ ከእጅ መታጠቢያው በገንዳው ተቃራኒ በኩል ያለውን ጎን ምረጡ። ከፍታው ከወለል 1.10 እስከ 1.20 ሜትር ቢሆን ይመቻል፣ ከእጅ መታጠቢያው ጠርዝ በጎን 30 ሴንቲ ያህል ይራቅ። ከእጅ መታጠቢያው ስር፣ ከቧንቧ ቀጥታ በላይ፣ ሻወሩ እንፋሎት የሚተፋበት ጥግ ላይ አታድርጉት።

መስመሩ ከየት ይምጣ

ጥሩው ነገር ከሳጥኑ ራሱን የቻለ መስመር ማምጣት ነው። ፀጉር ማድረቂያ 2,000 ዋት ነው፣ በ220 ቮልት 9 አምፒር ይስባል፣ ስለዚህ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በ16 አምፒር ብሬከር ይበቃል። 120 ቮልት ያለበት አገር 1,800 ዋቱ ብቻ 15 አምፒር ስለሚስብ 20 አምፒር ብሬከርና ቁጥር 12 ሽቦ ነው የሚያስፈልገው። 1.5ቱን የመብራት ሽቦ ከአምፖሉ ማብሪያ ጠልፎ ሶኬት ማድረግ የለም፣ ማብሪያው ጋ ብዙ ጊዜ ኒውትራልም አይኖርም፣ ሰው ከግራውንድ የሚሰርቀው ያኔ ነው።

ቀላሉ መንገድ ግን ከግድግዳው ጀርባ ያለው ክፍል ሶኬት ካለው ከእሱ መውሰድ ነው፣ ግድግዳውን በስቶ ማሻገር ብቻ ነው፣ ቁፋሮ የለም። ይሄን ስታደርጉ ያ ሶኬት በ30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ ስር መሆኑን ቁልፉን ተጭናችሁ አረጋግጡ፣ ሲቆርጥ ያ ሶኬት መጥፋት አለበት። ሽቦውም 2.5 መሆኑን እዩ። የውሃ ማሞቂያ ወይ ልብስ ማጠቢያ ያለበት መስመር ከሆነ ተዉት፣ እነሱ የየራሳቸው መስመር ነው የሚገባቸው።

መብራቱን ማጥፋት፣ የምር ማጥፋት

ብሬከሩን አውርዱ፣ ናስትሮ ለጥፉበት፣ ቤት ላለው ሰው ሁሉ ንገሩ፣ አንዱ "መብራት ሄደ እንዴ" ብሎ መጥቶ እንዳያነሳው። ከዛ ለኩ። በመልቲሜትር መጀመሪያ መብራት እንዳለው የምታውቁት ሶኬት ላይ ለኩ እንደሚሰራ ታያላችሁ፣ ቀጥሎ የምትሰሩበትን ቦታ ፌዝና ኒውትራል፣ ፌዝና ግራውንድ፣ ኒውትራልና ግራውንድ እያላችሁ ሶስቱንም ለኩ፣ ከዛ ተመልሳችሁ የመጀመሪያው ላይ እንደገና ለኩ። የመጨረሻዋን ሰው ይዘላታል፣ ግን ሜትሩ መሀል ላይ ባትሪው ቢያልቅ ወይ ገመዱ ቢላቀቅ ዜሮ ብሎ ነው የሚዋሻችሁ። የካቻቢቴ ቅርፅ ያላት ባለ አምፖሏ ፌዝ መፈተሻ ለዚህ አትሆንም፣ ፀሀይ ካለ ብርሃኗ አይታይም፣ ወፍራም ጫማ አድርጋችሁ ደረቅ እንጨት ላይ ከቆማችሁም ፌዝ እያለ ላትበራ ትችላለች። የሽቦ ቀለምንም አትመኑ፣ በደንቡ ሰማያዊ ኒውትራል ቡኒ ፌዝ ነው፣ ግን ቀድሞ የሰራው ሰው በእጁ ያለውን ሽቦ ነው ያስገባው።

ሴራሚኩና ሽቦው

ከመቁረጣችሁ በፊት ቧንቧ የት እንደሚያልፍ አስቡ። ከቧንቧ መክፈቻ ቀጥታ ወደላይና ወደታች ያለው መስመር አደገኛ ነው፣ አትንኩት። የሽቦው ቱቦም ልክ እንደዛው ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደላይ ወይ ወደጎን ይሂድ፣ በውሃ ልክ ተለክቶ። ለማሳጠር ብላችሁ በሰያፍ ካስኬዳችሁት ከአምስት አመት በኋላ መስታወት ሊሰቅል የሚበሳ ሰው ሽቦው መሀል ይገባል።

ሴራሚኩ ላይ ወረቀት ናስትሮ ለጥፉና የሶኬቱን ሳጥን ቅርፅ በእርሳስ ሳሉበት፣ ፑንታው እንዳይንሸራተትም ይረዳል። ድሪሉን ከመምታት ወደ መዞር ብቻ ቀይሩት፣ የሚመታ ከሆነ ሴራሚኩ ጫፍ ድረስ ይሰነጠቃል። የሴራሚክ ፑንታ ተጠቀሙ፣ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፣ ጠርዙን በግራይንደር የምትቆርጡ ከሆነ መነፅርና ማስክ አድርጉ፣ አቧራው ሳምባ ነው የሚጨርሰው። ሴራሚኩን ካለፋችሁ በኋላ ግድግዳው በመሮና መዶሻ ይሄዳል። ሳጥኑ ጠለቅ ያለ ይሁን፣ በተለይ ጂኤፍሲአይ ሶኬት ጀርባው ወፍራም ስለሆነ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ስትገፉት ሽቦው ይጨፈለቃል።

ቱቦው ሳጥኑ ውስጥ ከታች በኩል ቢገባ ጥሩ ነው፣ ከላይ ከሆነ ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ላብ ሽቦውን ተከትሎ ቀጥታ ሶኬቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከላይ ማምጣት ግድ ከሆነ ሽቦው ሳጥኑ ውስጥ ወደታች ታጥፎ ተመልሶ ወደ ሶኬቱ ይውጣ፣ ጠብታው እጥፋቱ ላይ ይቀራል። የቱቦውን አፍ ደግሞ በሲሊኮን ድፈኑት፣ ሞቃት አየር ከሻወር ቤቱ ወደ ቱቦው ገብቶ ቀዝቃዛው ግድግዳ ውስጥ ሲደርስ ነው ውሃ የሚሆነው። መሀል ላይ ሽቦ መቀጠል ካለባችሁ የሚከፈት ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ በናስትሮ ጠምጥሞ ሴራሚክ ስር መቅበር አይቻልም።

የሶኬቱ ሳጥን ጋ ሽቦውን 15 ሴንቲ ያህል አስተርፉ። አንድ ሴንቲ ገደማ ብቻ ላጡት፣ ብሎኑ መዳቡን ይያዝ ፕላስቲኩን አይንከስ፣ ከውጪም ራቁቱን የሆነ መዳብ አይታይ። ፌዝ ኤል የሚለው ላይ፣ ኒውትራል ኤን የሚለው ላይ፣ ግራውንድ የግራውንድ ምልክቱ ላይ። ግራውንዱን ከሁለቱ ትንሽ ረዘም አድርጉት፣ አንድ ቀን ሽቦው ቢጎተት መጨረሻ የሚነቀለው እሱ ይሁን። ብሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻው ያዙና ሳቡት፣ የምር ሳቡት። ሶኬት ቀልጦ ያያችሁ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የላላ ብሎን ነው፣ የላላ ቦታ ይግላል፣ ሲግል ይብሱን ይላላል። ጂኤፍሲአይ ሶኬት ከሆነ ላይን እና ሎድ የሚሉ ሁለት ጥንዶች አሉት፣ ከብሬከር ሳጥኑ የመጣው ላይን ላይ ነው የሚታሰረው፣ ከሱ በኋላ ሌላ ሶኬት ካለ ብቻ ሎድ ላይ፣ ብታገላብጡት አዳዲሶቹ ሪሴት አልቀበልም ይላሉ።

ክዳን ያለው አይፒ 44 ሶኬት ግዙ፣ አይፒ እቃው አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳይ ደረጃ ነው፣ ሁለተኛዋ 4 ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ ይቋቋማል ማለት ናት። ግን ብዙዎቹ ይሄን የሚያሟሉት ክዳናቸው ሲዘጋ ነው፣ እቃ ተሰክቶ ክዳኑ ተከፍቶ እያለ 44 የለም። ሽፋኑን ስታስሩ ዙሪያውን ሲሊኮን አድርጉ፣ ከላይና ከሁለቱ ጎን፣ ታችኛውን ክፍት ተዉት፣ የገባ እርጥበት መውጫ ይፈልጋል።

ሲበራ

ምንም ሳይሰካ ብሬከሩን አንሱ። ሶኬቱ ቀዳዳ ላይ ለኩ፣ ፌዝና ኒውትራል የቤታችሁ ቮልት ይሁን፣ ፌዝና ግራውንድም እንደዛው፣ ኒውትራልና ግራውንድ ዜሮ ወይ ጥቂት ቮልት። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ግራውንዱ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ መልቲሜትር የሚስበው ኮረንቲ በጣም ትንሽ ስለሆነ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ ብትነካም 220 ያሳያችኋል፣ እውነተኛ ጥፋት ሲመጣ ግን ያቺ ክር ትበጠሳለች። ግራውንዱን በትክክለኛው የሉፕ መለኪያ (ጥፋት ሲመጣ ኮረንቲው የሚሄድበትን የግራውንድ መንገድ ተቃውሞ በሚለካው መሳሪያ) የሚለካ ኤሌክትሪሺያን አንድ ቀን አምጡ፣ ሌላውን ሁሉ ራሳችሁ ብትሰሩት እንኳን ለዚህች ጥሩት።

ከዛ የቴስት ቁልፉን ተጫኑ፣ ሶኬቱ መጥፋት አለበት። ፀጉር ማድረቂያውን በሙሉ ሀይሉ አስር ደቂቃ ያህል አስነሱና ነቅላችሁ የገመዱን ራስ በእጃችሁ ዳስሱት፣ ለብ ካለ ችግር የለም፣ ካቃጠላችሁ አንድ ብሎን ላልቷል ወይ ሶኬቱ ራሱ ጥራት የለውም። የቴስት ቁልፏን በየወሩ መጫን ልመዱ፣ ሳትነካ አመታት የቆየች አርሲዲ ውስጧ ተጣብቆ ላትንቀሳቀስ ትችላለች።

በኋላ አርሲዲው መቁረጥ ከጀመረ ሁሉንም እቃ ንቀሉ፣ መልሳችሁ አንሱት። ከቆመ አንድ በአንድ እየሰካችሁ ሌባውን ታገኙታላችሁ። ምንም ሳይሰካም ከቆረጠ ኒውትራልና ግራውንድ የሆነ ቦታ ተነካክተዋል፣ ወይ የሌላ መስመር ኒውትራል ከዚህኛው ጋር ተቀላቅሏል፣ ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር ነው። ሰው ሙቅ ሻወር ከወሰደ በኋላ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ደግሞ እርጥበት ነው፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ ሶኬቱን አውጡት፣ ሳጥኑ ወለል ላይ ጠብታ ወይ መዳቡ ላይ አረንጓዴ ዝገት ታያላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያልተደፈነው የቱቦ አፍ ነው። እዚህ ጋ አርሲዲውን አልፎ ቀጥታ የሚያስርላችሁ "ባለሙያ" አይጠፋም፣ እሺ እንዳትሉት፣ ሳጥኑ ይድረቅ፣ አፉ ይደፈን፣ የዛገው ጫፍ ተቆርጦ አዲስ ይላጥ።